ነጠላ የለበሰችው መኪና

አክስቴን የዳርኳት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ዘር ተቆጥሮ፣ አያቴም ሦስት ሳምንት ሙሉ ጺማቸውን ሲያሻሹ ከርመው፣ በመጨረሻ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በእኔ ቃል ላይ ሆነ። እኔም ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ መሰከርኩ። ካየሁት ውስጥ ግን እንዳየሁት የነበረ አንድም አልነበረም።

ዘመኑ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። የምንኖረው ደብረ ሲና፣ ከአያቴ ከቄስ ወልደአረጋይ ቤት ነበር። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስላረፈች ያሳደገችኝ ታናሽ እህቷ ወለተሐና ናት፤ እቴቴ እላታለሁ። በዚያ ዓመት ዓይኔን አሞኝ፣ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት በየሐሙሱ ቅባት ይደረግልኝ ጀመር። እሷና እኔ የጣርማ በርን ዳገት በየሳምንቱ በጋሼ ይሁኔ የጭነት መኪና ወጣነው።

መኪናዋ ጣሊያን ሲሸሽ ጥሏት የሄደ፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ቀለሟ ከጭቃው የማይለይ አሮጊት ናት። ጋሼ ይሁኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ቆቡ ከራሱ የሚሰፋ፣ ሲነዳ ከመኪናዋ ጋር የሚነጋገር። ረዳት አልነበረውም። ለምን እንደሆነ የሚጠይቀው ሰው ሲመጣ፣

“ረዳት ቦታ ይፈልጋል፤ ሲቀመጥ ይከብዳል፤ ክብደት ደግሞ ለእሷ ትኩሳት ነው” ይላል።

ከመሪው አጠገብ አንድ ክብ መስታወት ነበር። በውስጡ ቀጭን መርፌ ወደ ግራ ወድቃ ተኝታለች። ሰዓት መሰለኝ።

“ጋሼ፣ ሰዓትህ ለምን አይሄድም?” አልኩት አንድ ቀን።

“ይህቺ? ይህቺ ጣሊያን ከሄደ ወዲህ አኩርፋ ተኝታለች።”

እቴቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሁልጊዜም እንዲህ ናት። ከደብረ ሲና እስከ ደብረ ብርሃን ለጋሼ ይሁኔ አንዲት ቃል አትናገረውም። ስንወርድ ብቻ ከጉያዋ በቅጠል የተጠቀለለ ትንሽ ቅቤ አውጥታ መቀመጫው ላይ ትታ ትሄዳለች። በጣም የምትጠላው መስሎኝ አዝንለት ነበር። ቅቤውን ደግሞ እንደ ስእለት ቆጠርኩት፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ጋሼ ይሁኔ ቅዱስ ሰው እንደሆነ ደርሼበታለሁ።

እንዴት እንደደረስኩበት ልንገራችሁ። በእኛ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ፊት ሲደርስ ይወርዳል። ተሳልሞ፣ በቅሎውን እየሳበ አልፎ፣ ደጀ ሰላሙ ከኋላው ሲቀር ነው መልሶ የሚቀመጠው። መኪና ከመጣ ወዲህ ይህ ሥርዓት ጠፋ ብለው አያቴ እንደተቃጠሉ ነበር።

“የዛሬ ሾፌር ቤተ ክርስቲያንን የሚሳለመው በጡሩምባ ነው!” ይላሉ።

ጋሼ ይሁኔ ግን ይወርድ ነበር። ዳገቱን ገና ስንጀምር ኪዳነ ምሕረት ጋ መኪናዋን ዳር ያስይዛል። ከጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋል። ቆቡን ያወልቃል። ወደ ፊት ይዞርና መዳፉን ኮፈኑ ላይ፣ ልክ ግንባሯ በሚሆንበት ቦታ ጭኖ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከንፈሩም ይንቀሳቀሳል። አንዳንድ ጊዜ ጸሎቱ ረጅም ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አጭር ይሆንና እጁን ነጥቆ ያነሳል፤ ያኔ የመንፈስ ኃይል ያንቀጠቀጠው ይመስለኛል። ከላይ ጭነቱ ላይ የተቀመጡት መንገደኞች እሱን አይተው ይወርዱና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው ያማትባሉ፤ መሬት ይሳለማሉ። እሱ ከደጀ ሰላሙ ሥር ከሚፈልቀው ውኃ በጣሳ ይቀዳል። ኮፈኑን ይከፍታል፤ ነጭ እንፋሎት ይወጣል፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ክዳኗን ቀስ አድርጎ ይፈታና ጥቂት በጥቂት ያፈስላታል። ሞተሩን እንኳ አያጠፋም፤ እያጉረመረመች ትጠመቃለች።

ማለዳ ማለዳ ብርዱ ሲጠና ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለ። መንገድ ሳንጀምር ትልቅ ጆንያ አምጥቶ አፍንጫዋን ያለብሳታል። ሞተሩ እየሠራ፣ እንደተሸፈነች ቆማ ትቆያለች። እሱም መዳፉን ጭኖ ይጸልያል። ከዚያ ጆንያውን አውልቆ ከመቀመጫው ሥር ይከተውና እንነሳለን። ይህንንም በራሴ ተረዳሁት። እቴቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነጠላዋን ትከናነብ የለ? መኪናዋም ለጸሎት ስትቆም ነጠላ ትለብሳለች።

ሽማግሌዎቹ በታኅሣሥ መጡ። ጋሼ ይሁኔ ወለተሐናን ይሰጡኝ ብሎ ላከ፤ ልጅቷም ከእኛ ጋር ትሆናለች አለ፤ ልጅቷ ማለት እኔ ነኝ። በዚያው ሰሞን ከመዘዞ አቶ ገብረኪዳን የሚባል ሰውም ልኮ ነበር። ሚስቱ የሞተችበት፣ ስልሳ በግ ያለው፣ ሦስት ቃል ተናግሮ አንድ ጊዜ የሚያስል ሰው ነው። በመጣ ቁጥር ሙክት እየጎተተ ይመጣል፤ ከሄደ በኋላ ሽታው ቤት ውስጥ ሳምንት ይቆያል። ሽታው የሙክቱ ይሁን የእሱ ለይቼ አላውቅም። እኔን ስለመውሰድ ምንም አላለም። አያቴ ደግሞ ሾፌር አይወዱም፤ ሙክት ይወዳሉ።

“ሾፌር በየኬላው ሚስት አለው ይባላል” አሉ አንድ ማታ፤ “የመዘዞው ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቃል። ሳሉ ይሰማል።”

ከመጋረጃው ጀርባ እቴቴ ዕቃ ጣለች። አያቴ ትንሽ አሰቡና ጠሩኝ።

“እናናየሁ፣ ነይ እስቲ። አንቺ ቁጭ ብለሽ የምታዳምጪ ልጅ ነሽ፤ ዋሽተሽም አታውቂም። ይህ ሾፌር በመንገድ ምን ይላል?”

“ምንም አይልም አባባ። ይጸልያል።”

“ይጸልያል?”

“መኪናዋን አቁሞ፣ ቆቡን አውልቆ፣ እጁን ጭኖባት ይጸልያል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ከዚያ ከምንጩ ጠበል ቀድቶ ያጠምቃታል።”

አያቴ ጺማቸውን ለቀቁት።

“የት የት ነው የሚያቆመው?”

ከኪዳነ ምሕረት ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩላቸው፤ ጊዮርጊስን አልኩ፣ ሚካኤልን አልኩ፣ የቀሩትንም አልኩ። ሰባት ሆነ።

“በዚያ መንገድ ያሉት ስድስት ናቸው። ሰባተኛው የቱ ነው?”

“ትልቁ ቋጥኝ ጋ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ግን ሁልጊዜ ያቆማል። ቆቡን አውልቆ ገደሉ አፍ ላይ ነፋሱን እየተቀበለ ይቆማል።”

አያቴ ከመደቡ ተነሱ። ሲነሱ መቋሚያቸው ወደቀ፤ አላነሱትም።

“ወለተሐና! ሰማሽ? እዚያ እኮ በአያቴ አያት ዘመን የፈረሰ የአቦ ቤተ ክርስቲያን ነበረ! መሠረቱ የት እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ማን ነገረው?”

ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነ ድምፅ ተሰማ።

“መሬቱ ነገረው!” አሉ ራሳቸው መልሰው።

መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። እቴቴ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እንባዋ ይወርዳል። የደስታ ልቅሶ መሰለኝና እኔም አለቀስኩ።

ሳቅ ነበር። እቴቴ ሁሉንም ታውቅ ነበር። ክቡ መስታወት ሰዓት ሳይሆን የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ነው፤ ከተበላሸም ዓመታት አልፈውታል። ጋሼ ይሁኔ ሙቀቷን የሚያውቀው በመዳፉ ነበር። ኮፈኑ ላይ እጁን ጭኖ በከንፈሩ ይቆጥራል። አሥር እስኪሞላ ከቻለው ጉዞ ነው። አምስት ላይ ካስነጠቀው ትረፍ ይላል። ሁለት ላይ ካስነጠቀው ውኃ ትፈልጋለች ማለት ነው። በዚያ ዳገት ላይ ውኃና የዛፍ ጥላ አንድ ላይ የሚገኙት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ባለበት ብቻ ነው። ቋጥኙ ጋ ያለው ከቆላው የሚወጣ ነፋስ ነው፤ አፍንጫዋን ወደዚያ አዙሮ ያስነፍሳታል። ጆንያውም ማለዳ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ነበር። የቅቤው ነገር ለመዳፉ ነው፤ በየሳምንቱ ይላጥ ነበርና።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው አያቴ የተናገሩትን ብቻ ነበር፤

“ቢሆንም በዓይኔ ልየው። ለጥር ሥላሴ ደብረ ብርሃን በእሱ መኪና እሄዳለሁ። ልጅቷ እንዳለችው ከሆነ ወለተሐናን ሰጥቻለሁ። ካልሆነ ግን የመዘዞው ሰው ሙክቱን ይዞ ይምጣ።”

ጋሼ ይሁኔ ይህን ቃል አልሰማም። እሱ የሰማው ቄስ ወልደአረጋይ በመኪናው ሊሄዱ መሆኑን ብቻ ነው። ወደፊት አማቱ የሚሆኑትን ሰው በአሮጌ መኪና እያስቆመ እየጎተተ ላለመውሰድ ሲል፣ አዲስ አበባ ወርዶ ውኃዋ የሚቀዘቅዝበትን ራዲያተር አሳጥቦ፣ የሞተሩን ቀበቶ ቺንጊያውን አስቀይሮ፣ አዲስ መለኪያ አስገጥሞ በሥላሴ ማለዳ ደረሰ። ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል።

“እናኑ፣ ነይ እይ!” አለኝ ክቡን መስታወት እያሳየ። መርፌዋ ብድግ ብላለች። “ተነሳች! ከእንግዲህ እጄ አረፈ።”

ጸሐይ ገና አልወጣችም፤ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ጆንያውን ግን አላለበሳትም፤ ከመቀመጫው ሥር እንደታጠፈ ነው።

ልንነሳ ስንል እቴቴ መቀነቴን የምታስተካክል መስላ ጎንበስ አለች።

“እናኑዬ፣ ለይሁኔ ቀስ ብለሽ ንገሪው። ‘እንደ ድሮው ሁሉም ጋ ቁም ብላለች’ በይው። አባባ እንዳይሰሙ። አደራ!”

እሺ አልኳት። ነገር ግን ባሰብኩት ቁጥር ነውር መሰለኝ። ቅዱስን ሰው እኔ ሕፃኗ ጸልይ እለዋለሁ? መልእክቷን በልቤ ይዤ ቀረሁ።

እቴቴ ቤት ቀረች፤ አያቴ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ መሐል፣ ጋሼ ይሁኔ መሪው ጋ ሆነን ተነሳን። ኪዳነ ምሕረት ስትታይ አያቴ የእጅ መስቀላቸውን አወጡ፤ ለመውረድም በሩን ያዙ። መኪናዋ አለፈች።

“አባ፣ በሩን ይተዉት” አለ ጋሼ ይሁኔ በደስታ፤ “ዛሬ አንቆምም።”

“አንቆምም?”

“የት ቆመን! ይህቺን ይመልከቷት።” መስታወቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። “መርፌዋ እዚህ ቀዩ ጋ ካልደረሰች በዚህ ዳገት የሚያቆመኝ የለም።”

“የሚያቆምህ የለም?”

“ማንም፣ አባ! በየመንገዱ መገተር ቀረ!”

አያቴ አማተቡ። ጋሼ ይሁኔ በመገረም ያማተቡ መስሎት የበለጠ ደስ አለው። እኔ አንገቴን ወደ ትከሻዬ ሰበርኩ።

ጊዮርጊስ ጋ ስንደርስ ባሰ። ልክ ደጀ ሰላሙ ፊት ለፊት አንዲት አህያ መንገዱ መሐል ቆማለች። ጋሼ ይሁኔ ጡሩምባውን ነፋ። አህያዋ አልሰማችም። ደገመ። አህያዋ ሄደች፤ እኛም አለፍን።

“በጡሩምባ” አሉ አያቴ ለራሳቸው።

ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ውዳሴ ማርያም ጀመሩ። መሐል ላይ አቆሙና፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣

“የገብረኪዳን ሳል መቼም በጠበል የማይድን አይደለም” አሉ።

 እቴቴ መዘዞ ስትሄድ፣ እኔ ከአያቴ ጋር ብቻዬን ስቀር፣ ዓይኔን ሐኪም ቤት የሚወስደኝ ጠፍቶ ስታወር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየኝ። ምን ነካው? ትናንት ቅዱስ የነበረ ሰው ዛሬ እንዴት እንዲህ ይሆናል? አሰብኩ፤ አሰብኩና አገኘሁት። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የመኪናዋ ነው። ዛሬ ነጠላዋን ሳትለብስ ነው የወጣችው! ራሷን ያልሸፈነች ሴት ቤተ ክርስቲያን ፊት በምን ዓይኗ ትቆማለች? አፍራ ነው የምትሮጠው።

ሚካኤል ጋ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን ከላይ፣ ከጭነቱ ላይ፣ ጩኸት መጣ። ዶሮ ይዛ ወደ ደብረ ብርሃን የምትሄድ ወይዘሮ በሰለች የምትባል ሴት ነበረች።

“ይሁኔ! ኧረ ይሁኔ፣ ዶሮዬ ወረደች! ኧረ የሥላሴ ያለህ፣ አቁም!”

ቆምን። ጋሼ ይሁኔ ድንጋይ አስደግፎ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ቁልቁል ሮጠ። ወይዘሮ በሰለችም ከኋላው “በዚህ በኩል ክበባት! ክንፏን ሳይሆን እግሯን!” እያለች ወረደች። አያቴ ዓይናቸውን አልገለጡም።

ከመቀመጫው ሥር ጆንያውን ሳብኩ። በሾፌሩ በር ወረድኩና ወደ ፊት ሮጥኩ። ጆንያው ከእኔ ይረዝማል፤ ተንጠራርቼ አፍንጫዋ ላይ ጣልኩላት። ነፋሱ ሊወስድብኝ ሲል መቀነቴን ፈትቼ ከአንዱ የፊት ፋኖሷ ወደ ሌላው አሳለፍኩና ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ሥላሴ ስለሆነ ሦስት ጊዜ ቋጠርኩ፤ በእያንዳንዱ ቋጠሮ አንድ አንድ ስም ጠራሁ። ከዚያ ጋቢናው ውስጥ ተመልሼ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ዶሮዋ ተያዘች። ጋሼ ይሁኔ እያለከለከ መጣ፤ በጎን በኩል ስለመጣ ምንም አላየም። ተነሳን።

የጋሼ ሰዓት መሮጥ ጀመረ። መርፌዋ ወደ ላይ ወጣች፤ ቆማ አሰበች፤ እንደገና ወጣች። ጋሼ ይሁኔ በጣቱ መታት።

“ምን ሆንሽ አንቺ?”

“ምን ትላለች?” አሉ አያቴ፣ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው።

“ትኩሳት አላት ትላለች አባ። ውሸቷን ነው። በጥር ብርድ፣ በታጠበ ራዲያተር!” ደግሞ መታት። “አሮጌዋ ብትተኛም አትዋሽም ነበር።”

መርፌዋ ቀዩ ውስጥ ገባች። እሱ ግን ትናንት ያስገጠማትን አላመነም። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አሸተተ። እኔም አሸተትኩ፤ ያች የማውቃት፣ የጋለ ብረትና የጎማ ሽታ መጥታለች። ልቤ ዘለለ። ከኮፈኑ ግራና ቀኝ ነጭ እንፋሎት ተነሳ፤ ከውስጥ እንደ ድስት መንተክተክ ሰማን። ጋሼ ይሁኔ “ወይኔ!” አለና ዳር አስያዛት።

የቆምንበት ቦታ የሚካኤል መታጠፊያ ነው። ደጀ ሰላሙ ከአያቴ መስኮት ሃያ እርምጃ እንኳ አይሞላም።

“መልአኩ ያዛት” አሉ አያቴ፤ ወረዱም።

ጋሼ ይሁኔ በበኩሉ ወርዶ ለጎማው ድንጋይ ሲፈልግ፣ አያቴ ቀድመው ወደ ፊት ዞሩ። ከተቀመጥኩበት በኮፈኑ በላይ ነጭ ጥምጣማቸው ብቻ ይታየኝ ነበር። ጥምጣሙ ቆመ። ወደ ግራ ዞረ፤ ወደ ቀኝ ዞረ። ከዚያ ወደ ታች ወርዶ ከዓይኔ ጠፋ፤ ተመልሶ ወጣ። ሁለተኛ ወረደ፤ ወጣ። ሦስተኛው ረዘም አለ። አያቴ ለመኪናዋ ሦስት ጊዜ ሰገዱላት። ዓይኔ እንባ ሞላ።

ወርጄ ስደርስ ነጠላዋ የለም። መቀነቴም የለም። መልአኩ ወሰደው አልኩ በልቤ። አያቴ ካባቸውን ጥብቅ አድርገው ይዘው ቆመዋል፤ ከወትሮው ወፈር ብለዋል።

ጋሼ ይሁኔ መጣ። ቆቡን አወለቀ፤ መዳፉን ጫነ።

“አንድ... ሁ... እህ!”

“ቀጥል” አሉ አያቴ። “ከዚህ በኋላ የሚለው ምንድን ነው?”

“ከምኑ በኋላ አባ?”

“ከጸሎቱ።”

ጋሼ ይሁኔ እጁን እያራገበ አያቴን አየ። ቤተ ክርስቲያኑን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፤ እኔም አንገቴን በኩራት ነቀነቅሁለት። ያን ጊዜ ነው መሰለኝ የገባው፤ ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። አዎን ቢል በዚያች ደቂቃ ሚስት ነበረው።

“አባ፣ ጸሎት አይደለም” አለ። “ቆጠራ ነው።”

ሁሉንም ተናገረ። የተበላሸውን መለኪያ፣ መዳፉን፣ ውኃውን፣ ጥላውን። አያቴ እስኪጨርስ ሰሙት።

“ሰባቱም ጋ?”

“ሰባቱም ጋ።”

“የአቦው ጋስ?”

“የአቦው የቱ ነው አባ?”

“ቋጥኙ ጋ ያለው።”

“እዚያማ ነፋስ አለ። ያቀዘቅዛታል።”

“ነፋስ” አሉ አያቴ። ቤተ ክርስቲያኑ ሁለተኛ የፈረሰባቸው መሰሉ። “ታዲያ ጸሎት ነው ብለህ አታውቅም?”

“በየትኛው አፌ! ማን ነው እንዲህ ያለዎት?”

አያቴ እኔን አላዩም። ከዚያ “እጅህን አሳየኝ” አሉት። ጋሼ ይሁኔ መዳፉን ዘረጋ። አሮጌ ብራና ይመስላል፤ ጠባሳ በጠባሳ ላይ ተደርቦ፣ ከላዩ ላይ ደግሞ የዛሬው ቀይ። አያቴ አዩት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ባረኩት መሰለኝ። ግን ሽታው ከየት እንደመጣ ማወቃቸው ነበር፤ እቴቴ ቅቤ ላይ ኮሰረት አብዝታ ነው የምትጨምረው፤ ከደብረ ሲና እስከ መዘዞ እንዲህ የሚሸት ቅቤ ያለው ቤት አንድ ብቻ ነው።

“ስንት ጊዜ ሆነው ይህ ቅቤ?”

ጋሼ ይሁኔ መሬት መሬት አየ።

“እኔ ሠላሳ ዓመት መቅደስ ቆሜያለሁ” አሉ አያቴ ቀስ ብለው። “ስንቱን ሲጸልይ አይቻለሁ። ለያዘው ነገር ሲል እጁን በየሳምንቱ የሚያቃጥል ግን አላየሁም።” መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሩን አሳለሙት። “ሂድ፣ ውኃህን ቅዳ። መጀመሪያ ግን ተሳለም። ዛሬስ የቆምከው ፈልገህ አይደለም።”

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። አቶ ገብረኪዳን ሙክት ይዞ መጥቶ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እሱ ራሱ በልቶ፣ እያሳለ መርቆ ሄደ። እኔም ከእቴቴ ጋር ደብረ ብርሃን ገባሁ።

መቀነቴን ያን ዕለት ማታውን አያቴ አመጡልኝ። ምንም ሳይሉ ወገቤ ላይ ራሳቸው አሰሩልኝ። መልአኩ የሰጣቸው መስሎኝ እጃቸውን ሳምኩ። ጆንያውን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሚቆሙበት ቦታ ከእግራቸው ሥር አነጠፉት፤ እስኪያርፉ ድረስ እሱ ላይ ነበር የሚቆሙት። ጋሼ ይሁኔ አንድ እሑድ አጠገባቸው ቆሞ ሲያየው፣ “እኔም እንዲህ ያለ ጆንያ ጠፍቶብኛል” ሲል ሰምቻለሁ። አያቴ ቅዳሴያቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ይሁኔ ሚካኤልን ሳይወርድ አላለፈም። መርፌዋ ግማሽ ላይ ብትሆን፣ ሩብ ላይ ብትሆን፣ ቆቡን አውልቆ ይቆማል፤ መንገደኛ ሲያጉረመርም አይሰማም። ቋጥኙ ጋም ቢሆን ያማትባል። “በታጠበ ራዲያተር፣ በጥር ብርድ፣ ሚካኤል ፊት ፈላች። ይህን የሚያስረዳኝ መካኒክ ካለ ይምጣ” ይላል። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ባለ ቁጥር እኔ ወደ ጣሪያው አይ ነበር።

ባለፈው ኅዳር፣ በሚካኤል ዕለት፣ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እሱ መንዳት ከተወ ቆይቷል፤ ጸሐይ ላይ ተቀምጧል። እቴቴ ጓዳ ናት። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ልቤ እየመታ፣

“ጋሼ” አልኩት፣ “ያን ቀን መኪናዋን ያፈላኋት እኔ ነኝ። ጆንያ አልብሻት ነው።”

“አውቃለሁ” አለኝ።

“ታውቃለህ?”

“የፊት ጎማው ሥር ድንጋይ ሳስገባ አባ ሲያወልቁት አየሁ። ብርድ ብርድ እንዳለው ሰው ካባቸው ውስጥ ሲሸጉጡትም አየሁ። እሳቸው አንቺን ብለው ደብቀው፣ እኔ እንዴት ብዬ እዋሻቸዋለሁ?”

“ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ሚካኤል ጋ ለምን ቆምክ?”

መዳፉን ገልብጦ አየው።

“ያቆመኝ እሱ ነዋ። ጆንያ ከየት ያምጣ? ያገኘውን ላከ።”

 ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እቴቴ ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ እንደሆነችው።

“ግን እናኑ፣ ያን ቋጠሮ ማን ነው ያስተማረሽ? አባ በእጃቸው ቢሉ፣ በመስቀላቸው ጫፍ ቢሉ እንቢ አላቸው። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፤ የሚያያቸው የለም ብለው ጎንበስ አሉና አንድ በአንድ፣ ሦስቱንም በጥርሳቸው ፈቱት።”